በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ፋይሎች ዝምድና በሥዕል እንዴት ይታወቃል?

በጎጃም የቆሎ ተማሪ ንባብ ሳያውቅ ቅኔ ቤት አይገባም፤ ቅኔ ሳይማርም የመጻሕፍት ትርጓሜ አይጸናለትም። የኋለኛው ትምህርት በፊተኛው ላይ ይቆማል ማለት ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። ትልቅ ፕሮግራም በብዙ ፋይሎች ተከፋፍሎ ይጻፍና አንዱ ፋይል በሌላው ውስጥ የተጻፈውን ሥራ እየጠራ ይጠቀምበታል። እንግዲህ ጠሪው የተጠሪው ጥገኛ ነው።

ለምሳሌ በደብረ ማርቆስ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ውጤት የሚመዘግብ ፕሮግራም አለው እንበል። አራት ፋይሎች አሉት፤ እነርሱም «ቀን»፣ «ተማሪ»፣ «ነጥብ» እና «ካርድ» ናቸው። «ተማሪ» የልደትን ዕለት ለመመርመር «ቀን»ን ይጠራል፤ «ነጥብ» «ተማሪ»ን ይጠራል፤ «ካርድ» ደግሞ «ነጥብ»ንም «ቀን»ንም ይጠራል። አንባቢ ሆይ፥ ወረቀት አንሥተህ አራት ክብ ሣል፤ ከጠሪው ወደ ተጠሪው ቀስት አድርግ። «ቀን» ከሁሉ በታች ይውላል።

አሁን ጸሐፊው በ«ቀን» ውስጥ ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን ናት ብሎ ጽፎ ቢሆንስ? በዘመነ ሉቃስ ግን 6 ቀን ናት። ስለዚህ ጳጉሜን 6 ቀን 2003 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ልትመዘገብ ብትመጣ ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይላታል፤ ስሟ ካልገባ ነጥብ የላትም፤ ነጥብ ከሌላት ካርድ አይወጣላትም። መምህሩ የሚያየው የካርዱን መጥፋት ብቻ ነው። ሥዕሉ ያለው ሰው ግን ከ«ካርድ» ተነሥቶ ቀስቱን እየተከተለ ቢወርድ ከስሕተቱ ሥር ይደርሳል። «ቀን» ከታረመም በኋላ ቀስቱን ወደ ኋላ እየተከተለ ሦስቱንም ፋይሎች እንደገና መፈተን እንዳለበት ያውቃል።

ይህን የመሰለውን ዝምድና ለኮምፒዩተሩ ጽፎ መስጠት አዲስ ነገር አይደለም። በ1968 ዓ.ም. ስቱዋርት ፌልድማን የተባለ አሜሪካዊ በቤል ላቦራቶሪ «ሜክ» የተባለውን ፕሮግራም ሠራ፤ ይህም አንድ ፋይል ሲለወጥ በእርሱ ላይ የቆሙትን ብቻ ለይቶ እንደገና ያዘጋጃል። ሥዕሉን ራሱን ደግሞ «ግራፍቪዝ» የተባለ ፕሮግራም ይሥላል፤ «ካርድ ወደ ነጥብ» እንደ ማለት ያለ ዝርዝር ብትሰጠው ክቡንም ቀስቱንም እርሱ ያሰናዳዋል። ዝርዝሩን በእጅ ከመጻፍ ከፋይሎቹ የመጥሪያ መስመሮች በመኪና ማውጣት ይሻላል፤ በእጅ የተጻፈው ቶሎ ያረጃልና። ሆኖም ፕሮግራሙ ሲሠራ ብቻ ስሙ የሚታወቅ ፋይል ቢኖር በዚህ መንገድ አይገኝም። ደግሞም የአምስት መቶ ፋይል ሥዕል በአንድ ገጽ ቢወጣ እንደ ተተበተበ ፈትል ነው፤ ማንም አያነበውም። ስለዚህ በመጀመሪያ የክፍሎቹን፣ ቀጥሎ የምትፈልገውን የአንዱን ፋይል ዝምድና ብቻ ማውጣት ይበጃል።

ከሁሉ ይልቅ በሥዕሉ ላይ የሚፈለገው ዙሪት ነው። አንድ ሰው የተማሪን ዕድሜ የሚያሰላውን ሥራ በ«ቀን» ውስጥ ቢጽፈው «ቀን» «ተማሪ»ን ይጠራል፤ «ተማሪ» ቀድሞውኑ «ቀን»ን ይጠራል። ከሁለቱ የትኛው ይቅደም? አንዱን ያለ ሌላው መፈተን አይቻልም። መድኀኒቱ ስሌቱን አውጥቶ «ዕድሜ» በሚባል በአምስተኛ ፋይል መጻፍ ነው፤ እርሱ ሁለቱንም ይጠራል፤ እነርሱ ግን አይጠሩትም።