በስልክ የሚመጣው ሌባና የመምህሩ ድርሻ

በዚህ ዕትም የትምህርት ዓምዳችን የምናቀርብላችሁ ርእስ ከሒሳብም ከሥነ ልቦናም ትምህርት ጋር የሚገናኝ ነው። ይኸውም በስልክ ደውለው የባንክ ሒሳባችንን ቁልፍ ከገዛ አፋችን የሚቀበሉ አጭበርባሪዎች ጉዳይ ነው። «ከገዛ አፋችን» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህ ሰዎች ግድግዳ አይሰረስሩም፤ ቁልፍ አይሰብሩም። ሥራቸው መጠየቅ ብቻ ነው። የምንመልሰው እኛው ነን።

በመሆኑም በቅድሚያ ሌባው ለምን የእኛ እርዳታ እንደሚያስፈልገው እናያለን። ቀጥለን የሚመጣባቸውን መንገዶች እንዘረዝራለን። በመጨረሻም ነገ በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ የሚጠብቀንን ኃላፊነት እናነሳለን። ከሁሉም የሚበልጠው ቁም ነገር ያለው በዚህ በመጨረሻው ክፍል ነውና አንባቢ እስከዚያ ድረስ እንዲታገሠን እንለምናለን።

1. ሌባው ለምን ይደውላል?

ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ነው። ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ተከተለ። የየባንኩ የሞባይል አገልግሎትም እየሰፋ ሄዷል። ዛሬ የመብራት ሒሳብ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለወላጅ የሚላክ ገንዘብ ሁሉ በእጅ ስልክ ያልቃል። የባንኩ በር ኪሳችን ውስጥ ገባ ማለት ነው። የበሩ ቁልፍ ደግሞ የሚስጥር ቁጥር፣ በተለምዶ ፒን የምንለው ነው።

ሌባ ይህን ቁጥር በግምት ሊያገኘው ይችላል ወይ? እስቲ እናስላው። ባለ 4 አኃዝ ቁጥር በ10 × 10 × 10 × 10፣ ማለትም በ10,000 ዓይነት መንገድ ሊደረደር ይችላል። ባለ 6 አኃዝ ከሆነ 1,000,000 ይደርሳል። ጥቂት ጊዜ ተሳስቶ የነካ ሰው ደግሞ ይዘጋበታል። ሦስት ጊዜ ብቻ ቢፈቀድለት፣ ባለ 4 አኃዙን የማግኘት ዕድሉ ከ10,000 ሦስት ነው። ይህ ለሌባ የሚያዋጣ ሥራ አይደለም።

ነገር ግን የትውልድ ዓመታችንን የሚስጥር ቁጥር ካደረግነው ስሌቱ ይገለበጣል። ሠልጣኝ መሆናችንን ያወቀ ሰው ዕድሜያችንን ከ18 እስከ 27 ብሎ ቢገምት፣ የሚቀሩት ዓመታት ወደ 10 ገደማ ብቻ ናቸው። 1234 ወይም 0000 ላደረገ ሰውማ ምን እንበል!

ሁለተኛው መቆለፊያ የማረጋገጫ ኮድ ነው። አሠራሩን ላልተረዳ ሰው ይህ ኮድ ወጥመድ ይሆንበታል። ሌባው የባንኩን አፕ በራሱ ስልክ ላይ ይከፍትና የእኛን ስልክ ቁጥር ያስገባል። የባንኩ ኮምፒዩተር «ባለቤቱ አንተ ነህን?» ለማለት ወደ እኛ ስልክ ኮድ ይልካል። እዚህ ላይ ሌባው ተሰናከለ፤ ኮዱ ያለው በእኛ ኪስ ነው። ስለዚህ ይደውላል። «አሁን ከባንክ መልእክት ደርሶዎታል አይደል?» ይላል። እውነትም ደርሷል! የላከው ባንኩ ነው፤ እንዲላክ ያደረገው ግን ደዋዩ ነው። መልእክቱ ብዙ ጊዜ «ለማንም አይንገሩ» የሚል ማስጠንቀቂያ አብሮት አለ። እኛ ግን በችኮላ ቁጥሯን ብቻ አንብበን ማስጠንቀቂያውን እንዘልለዋለን።

2. የሚመጣባቸው መንገዶች

ሀ/ «ከባንክ ነው የምንደውለው»። ንግግሩ ብዙውን ጊዜ ይህን ይመስላል፦

— ጤና ይስጥልኝ፤ ከባንክ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ሒሳብዎ መረጃው ስላልታደሰ ዛሬ በ11 ሰዓት ይዘጋል።
— ኧረ! ምን ላድርግ ታዲያ?
— አይጨነቁ፤ እኛ ከዚሁ እናስተካክልልዎታለን። አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ብቻ ያንብቡልኝ። ስልኩን እንዳይዘጉት።

ልብ እንበል። ደዋዩ ስማችንን ሊጠራ ይችላል። ስምና ስልክ ቁጥር ከየማስታወቂያ ሰሌዳውና ከየቴሌግራም ቡድኑ ይለቀማል፤ ስለዚህ ስማችንን ማወቁ ማስረጃ አይሆንም። በስልካችን ላይ የሚታየው የደዋይ ቁጥር ወይም የመልእክት ላኪ ስምም ሊመሳሰል ስለሚችል እርሱም ማስረጃ አይሆንም።

ለ/ «በስሕተት ብር ላክሁብህ»። በቅድሚያ ብር እንደ ገባልን የሚገልጽ መልእክት ይመጣል። ወዲያው አንድ ሰው እያለቀሰ ይደውላል፤ የታመመች እናት፣ የተበደረው ገንዘብ፣ ምን የሌለ ነገር አለ? መልእክቱ ግን ሌባው ራሱ የጻፈው ሊሆን ይችላል። መፍትሔው መልእክቱን ትቶ ቀሪ ሒሳብን በራስ ማየት ነው፤ ለቴሌብር *127# መደወል ይበቃል። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ቢገኝስ? ያን ጊዜም ራሳችን መልሰን አንልክም። «ባንክህ ወይም ቴሌብር ዘንድ አመልክት፤ እነርሱ ሲጠይቁኝ እፈቅዳለሁ» ማለት ይበቃል። የገባው ብር ከሌላ ሰው የተሰረቀ ከሆነ፣ አሳልፈን በላክነው ጊዜ ሳናውቅ የሌባው መሸጋገሪያ ሆንን ማለት ነውና።

ሐ/ «ዕድለኛ ሆነዋል»። ያልቆረጥነው ዕጣ ወጣልን ይሉናል። ሽልማቱን ለመውሰድ ግን አስቀድሞ የማስፈጸሚያ ወይም የሞባይል ካርድ ቁጥር መላክ ግድ ነው ይባላል። ከዚያም «ገንዘቡን የምናስገባበት» በሚል ፒን ይጠየቃል። እዚህ ላይ አንድ ሕግ እንያዝ፦ ገንዘብ ለመቀበል የሚስጥር ቁጥር ፈጽሞ አያስፈልግም። የሒሳብ ቁጥር ገንዘብ ለሚልክልን ሰው ይነገራል፤ የሚስጥር ቁጥር ግን ለማንም አይነገርም። ፒን የሚጠይቅ ሰው ሊወስድ እንጂ ሊሰጥ አልመጣም።

መ/ «ይህን ቁጥር ይንኩ»። ደዋዩ በኮከብ (*) ጀምሮ በመሰላል (#) የሚጨርስ ቁጥር እያስጻፈ «ኔትወርክዎን እናስተካክላለን» ይላል። ለምሳሌ *21* ብሎ የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር ጨምሮ # መንካት፣ ወደ እኛ የሚመጣውን ጥሪ ሁሉ ወደዚያ ሰው ያዞረዋል። ባንኩ ሊያጣራ ቢደውል የሚያነሳው ሌባው ይሆናል። ጥሪያችን መዞር አለመዞሩን *#21# ደውለን ማየት፣ ##21# ደውለን መሰረዝ ይቻላል። ሰው ያስጻፈንን የኮከብ ቁጥር ትርጉሙን ሳናውቅ አንነካም።

ሠ/ «ይህን ሊንክ ክፈት፤ ይህን አፕ ጫን»። በቴሌግራም ወይም በመልእክት የሚላክ ፋይል የባንክ አርማ ተለጥፎበት ሊመጣ ይችላል። አንዳንዱ ከተጫነ በኋላ የስልካችንን ገጽ ለሌላ ሰው ያሳያል፤ የምንነካውን ቁጥር ሁሉ ያያል። የባንክ አፕ የሚወርደው ከስልኩ የመደበኛ አፕ መደብር፣ ካልሆነም ቅርንጫፍ ሄደን ሠራተኛ ጠይቀን ነው።

3. ሦስቱ ምልክቶች

መንገዱ ቢለያይም የንግግሩ ሥሪት አንድ ነው። አንደኛ፣ ችኮላ አለበት፤ «አሁኑኑ፣ ከመዘጋቱ በፊት» ይላል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ሁለተኛ፣ የሥልጣን ድምፅ አለው፤ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ኃላፊ፣ ፖሊስ ይጠራል። ሦስተኛ፣ ብቻችንን ሊያደርገን ይፈልጋል፤ «ስልኩን አትዝጋ፣ ለማንም አትንገር» ይላል። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ ሰው አማክረን ብንመለስ የሚጎድልበት ነገር የለም። የሚጎድልበት ሌባው ብቻ ነው።

የተማረ ሰው አይታለልም የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ ሲጠይቁን መመለስን የተማርን ነን፤ መምህር ሲጠይቅ ዝም ማለት ነውር ነው። «እርስዎ» እያለ በትሕትና በሚያናግረን ሰው ላይ ስልክ መዝጋትም ይከብደናል። ሌባው የሚጠቀመው በድንቁርናችን ብቻ ሳይሆን በጨዋነታችንም ነው። ስለዚህ ጨዋነታችንን ሳንተው የምንወጣበት አንድ ዐረፍተ ነገር በቃላችን እንያዝ፦ «እሺ፣ አመሰግናለሁ፤ እኔው ራሴ ቅርንጫፍ እመጣለሁ።» በቃ፣ ይዘጋል። ከዚያም የምናውቀውን የአገልግሎት ቁጥር ራሳችን ፈልገን እንደውላለን፤ ደዋዩ የሰጠንን ቁጥር አይደለም።

4. የመምህሩ ድርሻ

ነገ ስንመደብ ምን ይገጥመናል? በገበያ ቀን አንድ አባት ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ይመጡና ስልካቸውን ያቀብሉናል። «አስተማሪ፣ እስቲ ልጄ የላከልኝን እይልኝ። ቁጥሬ ይኸውልህ...» ይሉና ፒናቸውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይነግሩናል። እኛም በቀና ልብ ነክተን እንጨርስላቸዋለን። መርቀውን ይሄዳሉ።

ክፉ ነገር ሠራን ወይ? ገንዘባቸውን አልነካንም። ነገር ግን አንድ ነገር አስተማርናቸው። ይኸውም «የተማረና ትሑት ሰው ሲጠይቅ የሚስጥር ቁጥር ይነገራል» የሚል ትምህርት ነው። ከሳምንት በኋላ ሌላ የተማረ የሚመስል ትሑት ድምፅ በስልክ ሲመጣ፣ እኒያ አባት ከእኛ የተማሩትን ይደግማሉ። ታማኙ አስተማሪ ሳያውቅ የሌባውን መንገድ ጠርጎ ጠበቀው ማለት ነው። መምህር የሚያስተምረው በሚናገረው ብቻ ሳይሆን በሚያደርገውም ነው ብለን በማስተማር ዘዴ ክፍል የምንማረው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ የምንመልሰው ይህን ይሁን፦ «አባባ፣ ቁጥሩን ለእኔም አይንገሩኝ። እኔ የተጻፈውን አነብልዎታለሁ፤ ቁጥሩን እርስዎ ይንኩ።» ከዚያም ስልኩን ወደ እርሳቸው አዙረን ፊታችንን መመለስ ነው፤ እያዩን እንመልስ። ይህ ፊት መመለስ ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ለታማኙ አስተማሪ እንኳ የማይነገር ቁጥር ለማያውቁት ደዋይ እንደማይነገር ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

«ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች እንዴት ይነካሉ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ብዙዎቹ አኃዝን ከብር ኖት ላይ ለይተው ያውቃሉ። የሚቸገሩ ካሉ የስልኩን ቁልፎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንሣል፤ ወደ ጎን ሦስት፣ ወደ ታች አራት ረድፍ ነው። ቁልፍ ባለው ስልክ ላይ 5 ቁጥር በጣት የምትዳሰስ ትንሽ ምልክት አላት። ከእርሷ ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ቀኝ በማለት የጣትን መንገድ ማስለመድ ይቻላል። ልምምዱ ግን በእውነተኛው ፒን አይደረግም፤ ሰሌዳው ላይ ሌላ ቁጥር እንጻፍ። በጎልማሶች ትምህርት አንድ የማታ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ብናውል አይቆጨንም።

5. ከደረሰስ?

መጀመሪያ የሚጠፋው ጊዜ ነው፤ የተወሰደ ገንዘብ በደቂቃዎች ውስጥ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ይዘዋወራልና። ወዲያውኑ ለቴሌብር 127፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951፣ ለሌሎች ባንኮችም በየራሳቸው የአገልግሎት ቁጥር ደውሎ ሒሳቡን ማሳገድ ያስፈልጋል። ፒኑን መለወጥ፣ መልእክቶቹንና የደዋዩን ቁጥር ሳይሰርዙ መያዝ፣ ከዚያም ቅርንጫፍና ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ ማመልከት ይከተላል። በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለል በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነውና አመልካቹ የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

ማፈርን ያነሳነው ጉዳቱ ከባድ ስለሆነ ነው። የወር ወጪው የተወሰደበት ሠልጣኝ «ይሥቁብኛል» ብሎ ዝም ካለ፣ ያው ሌባ በማግሥቱ ከጎኑ ያለውን አልጋ ባለቤት ይደውልለታል። የሚሥቅ ጓደኛ ሌባውን ያግዛል፤ ቶሎ የሚናገር ግን ሌላውን ያድናል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ወሬው ሌባውን ይቅደመው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የሒሳብ ቁጥር፣ የሚስጥር ቁጥርና የማረጋገጫ ኮድ ልዩነታቸው ምንድን ነው? የትኛው ለማን ይነገራል?
2. ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንዱ ደዋይ፣ አንዱ ተደዋይ ሁኑ። ተደዋዩ ሳይሳደብና ሳይጨቃጨቅ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይውጣ።
3. በምትመደቡበት ቀበሌ አንዲት እናት «አንተ ታማኝ ነህ፣ ቁጥሬን አንተው ያዝልኝ» ቢሏችሁ ሳታስቀይሟቸው ምን ትመልሳላችሁ?

ለሦስተኛው ጥያቄ የተሻለ መልስ ያላችሁ ሠልጣኞችም ሆናችሁ መምህራን በጽሑፍ ስጡን፤ በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።