የብሮድባንድ ትርፍ በማን መዝገብ ይጻፋል?

የቴሌኮም ድርጅት ዓመታዊ ሂሳቡን ባስታወቀ ቁጥር ነጋዴውም ባለሀብቱም ቀድሞ የሚመለከተው የትርፉን መስመር ነው። ትርፉ ካደገ ዘርፉ እንዳደገ፣ ከቀነሰም ዘርፉ እንደተዳከመ ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ አመዛዘን ለአንድ ሱቅ ወይም ለአንድ ፋብሪካ ይበቃ ይሆናል፤ ለፈጣን ኢንተርኔት ማለትም ለብሮድባንድ ግን አይበቃም። በዚህ ዘርፍ ከሚፈሰው መዋዕለ ንዋይ የሚገኘው ጥቅም በአብዛኛው የሚታየው መስመሩን በዘረጋው ድርጅት መዝገብ ሳይሆን በመስመሩ በሚገለገሉት ነጋዴዎች፣ አምራቾችና ባንኮች መዝገብ ነውና።

የኢኮኖሚክስ ትምህርት ይህን ተሻጋሪ ጥቅም ይለዋል። መንገድ ሲሠራ በዳርቻው ያለ ቦታ ዋጋው ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን በመንገድ ተቋራጩ ሂሳብ ውስጥ አይገባም። የብሮድባንድም ነገር እንዲሁ ነው።

ብሮድባንድ ሲባል

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. ሲገባ ደንበኛው በተራ የስልክ መስመር እየደወለ ነበር የሚገናኘው። መስመሩ ለኢንተርኔት ሲያዝ ስልኩ ለሌላ ጥሪ አያገለግልም ነበር። ብሮድባንድ ከዚህ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ሁለተኛ፣ ብዙ መረጃ በአንድ ጊዜ ያስተላልፋል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለስታቲስቲክስ የያዘው ዝቅተኛ መለኪያ በሴኮንድ 256 ኪሎቢት ሲሆን፣ ይህ ፍጥነት ለዛሬ የንግድ ሥራ እጅግ አነስተኛ ነው።

የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ፈጣኑን የባሕር ውስጥ ገመድ ያገኘው ሲኮም የተባለው መስመር ሐምሌ 2001 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ነው። በተከታዩ ዓመት ኢሲ የተባለው ሌላ ገመድ ተጨመረ። ከዚያ በፊት አካባቢው ከዓለም ጋር የሚገናኘው በአብዛኛው ውድ በሆነው የሳተላይት መስመር ነበር። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ገመዱ ላይ የምትደርሰው እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤት አገሮች በኩል ነው።

ሂሳቡ በምሳሌ

ተሻጋሪው ጥቅም እንዴት እንደሚሠራ ለማየት በእህል በረንዳ የሚሠራ አንድ የእህል ነጋዴ በምሳሌነት ይወሰድ። ነጋዴው 5 ሚሊዮን ብር መነሻ ገንዘብ አለው። ከጎጃም ጤፍ ገዝቶ፣ አጓጉዞ፣ ሸጦና ዱቤውን ሰብስቦ ገንዘቡ ወደ እጁ እስኪመለስ 60 ቀን ይፈጅበታል። በ360 ቀን ውስጥ ገንዘቡ 6 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ዙር 3 በመቶ ማለትም 150,000 ብር ቢያተርፍ የዓመት ትርፉ 900,000 ብር ይሆናል።

ይህ ነጋዴ አስተማማኝ ብሮድባንድ አስገባ እንበል። የአካባቢ ገበያዎችን ዋጋ በዕለቱ ያውቃል፣ ለአቅራቢው በዚያው ሰዓት ይከፍላል፣ ከገዢውም በባንክ ሂሳቡ ይቀበላል፣ መኪና ፍለጋም ቀን አያጠፋም። በዚህ ሳቢያ ዙሩ ከ60 ወደ 45 ቀን ቢያጥር ገንዘቡ 8 ጊዜ ይዞራል፤ ትርፉም 1,200,000 ብር ይደርሳል። ብልጫው 300,000 ብር ነው። ለመስመሩ በወር 5,000 ብር ቢከፍል የዓመት ወጪው 60,000 ብር ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱን መዝገቦች ማስተያየት ይገባል። በቴሌኮሙ መዝገብ የሚጻፈው ገቢ 60,000 ብር ብቻ ነው። በኢኮኖሚው ውስጥ የተፈጠረው ጥቅም ግን 300,000 ብር ሆኗል። የብሮድባንድን ፋይዳ በቴሌኮሙ ገቢ ብቻ የሚለካ ሰው ከአምስቱ እጅ አንዱን ብቻ ቆጥሯል ማለት ነው።

የዚሁ ሂሳብ ግልባጭም አለ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለ3 ሳምንታት ገደማ ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። በምሳሌው ያለው ነጋዴ ሥራውን ሁሉ በመስመሩ ላይ ካሳረፈ በኋላ እንዲህ ያለ የ21 ቀን መቋረጥ ቢደርስበትና ሥራው ቢቆም ግማሽ ዙር ያህል ያጣል። ይህም 70,000 ብር ነው፤ ከዓመት የመስመር ኪራዩ ይበልጣል። ስለዚህ ለነጋዴው የብሮድባንድ እውነተኛ ዋጋ ታሪፉ ብቻ ሳይሆን የመቋረጡም ኪሳራ ጭምር ነው።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመው የ120 አገሮች ጥናት በስፋት ይጠቀሳል። በጥናቱ ስሌት መሠረት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች የብሮድባንድ ተጠቃሚዎች ድርሻ በ10 የመቶኛ ነጥብ ሲጨምር ኢኮኖሚው በ1.38 የመቶኛ ነጥብ ተጨማሪ ዕድገት ያገኛል። ይሁንና አኃዙ በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል። ብሮድባንድ አገርን ያሳድጋል፤ ያደገ አገርም ብዙ ብሮድባንድ ይገዛል። የትኛው የትኛውን እንዳስከተለ መለየት አስቸጋሪ ነው።

ይህን ችግር በተሻለ መንገድ የፈተሸው እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው የወጣው የዮርትና የፖልሰን ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የባሕር ውስጥ ገመድ ወደ አፍሪካ በደረሰበት ጊዜ የአገር ውስጥ መስመር በአቅራቢያቸው የነበራቸውንና ያልነበራቸውን አካባቢዎች አነጻጸሩ። በ12 አገሮች መረጃ ላይ በተመሠረተው ጥናት ፈጣን ኢንተርኔት የሥራ ዕድልን እንደጨመረ፣ ከፍተኛ ትምህርት የሌላቸውም ሠራተኞች ከጥቅሙ እንዳልቀሩ አረጋገጡ። በኢትዮጵያ በኩል ያዩት ለውጥ ደግሞ የፋብሪካዎች ምርታማነት መሻሻል ነው።

የደላላው ዕጣ

በመካከል ሆነው ገዢና ሻጭ የሚያገናኙ ሰዎች ጉዳዩን በሌላ ዓይን ቢያዩት አይፈረድባቸውም። የሮበርት ጄንሰን እ.ኤ.አ. የ2007 ጥናት የሚተርከው የህንድ የኬረላ ዓሣ ገበያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 ተራ የሞባይል ስልክ ወደ ባሕር ዳርቻው ከመግባቱ በፊት በአንዱ ወደብ ዓሣ ገዢ አጥቶ ሲጣል በቅርብ ርቀት ባለው ሌላ ወደብ ዓሣ ይጠፋ ነበር። ስልኩ ከገባ በኋላ የወደቦቹ ዋጋ ተቀራረበ፤ የሚጣለውም ዓሣ ቀረ። የአጥማጆቹ ትርፍ በ8 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ በ4 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዋጋን በማወቅ ብቻ የሚገኝ ገቢ ዘላቂ አለመሆኑ ነው። ሁሉም ዋጋውን ካወቀ፣ በምሳሌው የታየው የ3 በመቶ ትርፍም በፉክክር እየሳሳ ጥቅሙ ወደ ገበሬውና ወደ ሸማቹ ይሄዳል። ቀድሞ የገባ ነጋዴ ለጊዜው ያተርፋል፤ ዘግይቶ የሚገባው ግን ላለመክሰር ብቻ ይገባል። ለደላላው የሚቀሩለት ሥራዎች ጥራትን መመስከር፣ ለውል መከበር ዋስ መሆንና ዕቃ ሳይጓደል እንዲደርስ ማድረግ ናቸው። እነዚህን ስልክ ብቻውን አይሠራቸውም።

ወጪው በዶላር፣ ገቢው በብር

መስመሩን የሚዘረጋው ወገን የሚገጥመው ችግር ሌላ ነው። የቴሌኮም መሣሪያ በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ከዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2013 ደግሞ ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር በድምሩ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ውል ተዋውሏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ገቢውን በብር ሰብስቦ ዕዳውን በዶላር ለሚከፍል ድርጅት ይህ ከባድ ሸክም ነው።

ሸክሙን በታሪፍ ጭማሪ ወደ ደንበኛው ማዞር ቀላል መፍትሔ ይመስላል። የቅርብ ጊዜ ልምድ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ በ43 በመቶ፣ የመደበኛ ብሮድባንድን ደግሞ በ54 በመቶ ቀነሰ። የድርጅቱ ገቢ በ2011 በጀት ዓመት 36.3 ቢሊዮን፣ በ2012 ደግሞ 47.7 ቢሊዮን ብር ነበር። የገቢው ዕድገት በቅናሹ ብቻ የመጣ ነው ማለት ባይቻልም፣ ቅናሽ ገቢን የግድ እንደማይጎዳ ግን ያሳያል። ርካሽ መስመር ተጠቃሚን ያበዛል፤ ተጠቃሚ በበዛ ቁጥር መስመሩ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው ጥቅም ይጨምራል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ለዚህ አብነት ነው። ብቻውን የያዘው ሰው ማንንም ሊከፍልበት አይችልም።

ባለአክሲዮኑና ተጠቃሚው

ጉዳዩ ዛሬ ባለሀብቱን በቀጥታ የሚነካው ለዚህ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ለፈቃድ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ለደንበኞች አገልግሎት መስጠት ጀምሯል። ኢትዮ ቴሌኮም በበኩሉ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዳቸውን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ያህል ሲሆን 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ተሰብስቧል።

አክሲዮኑን የገዛ ነጋዴ እንግዲህ ሁለት መዝገብ ይዟል። በአንዱ ባለአክሲዮን ነው፤ ታሪፍ ከፍ ቢል የትርፍ ድርሻው ያደገ ሊመስለው ይችላል። በሌላው ደንበኛ ነው፤ ታሪፍ ዝቅ ቢልና መስመሩ ባይቋረጥ የንግዱ ገንዘብ ፈጥኖ ይዞርለታል። 300 አክሲዮን በ90,000 ብር ለገዛ ሰው 10 በመቶ የትርፍ ድርሻ ቢከፈለው የሚያገኘው 9,000 ብር ነው። በምሳሌው የታየው ነጋዴ የመስመር ኪራዩን ከፍሎ ከፈጣን ዙር የሚያገኘው ትርፍ ብልጫ ግን 240,000 ብር ነው።

በመሆኑም የቴሌኮም ሂሳብ ሲታተም ከትርፉ መስመር ቀጥሎ ሦስት ነገሮችን መመልከት ያስፈልጋል። እነርሱም ለአንድ ጊጋባይት የሚከፈለው ዋጋ፣ መስመሩ በዓመት የሚቋረጥባቸው ሰዓታትና ከአዲስ አበባ ውጪ የተዘረጋው የፋይበር ርዝመት ናቸው። ጤፉ የሚጫነው ከጎጃም ነውና እዚያ ያልደረሰ መስመር የእህል በረንዳን ዙር አያሳጥርም።