አሳ ውስጥ ፕላስቲክ አለ? ከባህር ዛጎል እስከ ጊልጌል ጊቤ

"ዶክተር፣ አሳ ውስጥ ፕላስቲክ አለ ይባላል፤ መብላት እናቁም?" የሚል ጥያቄ እየደረሰኝ ነው። የቡ ተቀምጬ ስለ ባህር ማውራቴ ሊገርማችሁ ይችላል። ግን ነገሩ እኛም ጓዳ ገብቷል፤ እስኪ አብረን እንየው።

👉 ማይክሮፕላስቲክ ምንድን ነው?
ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ቅንጣት ነው። ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ የናይለን ልብስ በፀሐይና በመታሸት እየደቀቁ ይፈጥሩታል። ፕላስቲክ እንደ ቅጠል በስብሶ አፈር አይሆንም፤ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል እንጂ።

👉 ዛጎል ለበስ የባህር እንስሳትን ለምን ይጎዳል?
እንደ ኦይስተር ያሉት ምግባቸውን አሳደው አይዙም። ውሃውን ወደ ውስጥ ስበው ያጣሩና የቀረውን ይበላሉ። ውሃው ውስጥ ፕላስቲክ ካለ እሱም አብሮ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጥናት ኦይስተሮችን ለ2 ወር ደቃቅ ፕላስቲክ ባለበት ውሃ ውስጥ አቆያቸው። የእንቁላላቸው ቁጥር በ38 በመቶ፣ የወንዴ ዘራቸው ፍጥነት በ23 በመቶ ቀነሰ። ለመራባት የሚያውሉት ጉልበት ወደ ሌላ ዞሮባቸው ነው።

ሰው ደግሞ እነዚህን እንስሳት የሚበላቸው ከነሆድ ዕቃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአውሮፓ የወጣ ስሌት፣ በብዛት የሚመገባቸው ሰው በዓመት እስከ 11 ሺህ ቅንጣት ሊውጥ ይችላል ይላል።

👉 የእኛስ አሳ?
ዝዋይ ሐይቅ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት አሳዎች ሲሶ በሚሆኑት ሆድ ዕቃ ውስጥ ፕላስቲክ አግኝቷል። ከሥር ደለል ለቅመው የሚበሉት እነ ካርፕ ከቆሮሶ የበለጠ ነበራቸው። ወደ እኛ ስንመጣ፣ ጅማ ላይ አዌቱ ወንዝ ውስጥ የተጣለ ፌስታል በቦዬ በኩል አልፎ ወደ ጊልጌል ጊቤ ያመራል። ከዚያው ግድብ ደግሞ አሳ ይወጣል።

ደስ የሚለው፣ እኛ አሳን የምንበላው ሆድ ዕቃውን አውጥተን ነው። በጥናቱ የተቆጠረውም እዚያ ያለው ነው። ስለዚህ አሳ አትተዉ፤ ፕሮቲኑም ኦሜጋ 3ቱም ያስፈልጋችኋል።

👉 ለጤናችንስ ያሰጋል?
እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የጣሊያን ጥናት፣ የአንገት ደም ሥራቸውን ያጠበበው ስብ ውስጥ ፕላስቲክ የተገኘባቸው ሕመምተኞች፣ ካልተገኘባቸው ይልቅ ለድንገተኛ የልብ ሕመም (heart attack)፣ ለስትሮክና ለሞት ያላቸው ተጋላጭነት 4 ዕጥፍ ተኩል ገደማ ሆኖ አግኝቷል። ይሄ "ፕላስቲኩ ነው ያመጣው" ማለት አይደለም፤ ግን ለመጠንቀቅ በቂ ምክንያት ነው።

✅ ምን እናድርግ?
1. የአሳውን ሆድ ዕቃ ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ በደንብ እጠቡት።
2. ትኩስ ሻይ፣ ሾርባና ወጥ በፌስታል አትቋጥሩ። ሙቀት ፕላስቲክን ያራግፋል።
3. እናቶች፦ አንድ ጥናት በፕላስቲክ ጡጦ ውስጥ ያለ ውሃ ከ25 ወደ 95 ዲግሪ ሲሞቅ፣ በሊትር የሚለቀቀው ቅንጣት ከ600 ሺህ ወደ 55 ሚሊዮን እንደሚያሻቅብ አሳይቷል። የዱቄት ወተት የምትሰጡ ከሆነ በሙቅ ውሃ ንጹሕ ብርጭቆ ወይም የብረት ዕቃ ውስጥ በጥብጡት፤ ለብ ሲል ወደ ጡጦ ገልብጡት።
4. ፌስታል ወንዝና ቦይ ውስጥ አትጣሉ፤ አታቃጥሉም። ገበያ ስትሄዱ ዘንቢል ያዙ።

ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ሕፃን ላላት ጓደኛችሁ ደግሞ ሼር አድርጉላት።