የሆስፒታል አልጋ ወደ ቤት ሲመጣ፦ ጉባ ላይ ይቻላል ወይ?

እኛ አገር «ቤቱ ይታከም» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት ወይም ገንዘብ ያለቀበት ሽማግሌ ነው። በቤት የሚሰጥ የሆስፒታል ደረጃ ሕክምና ግን ሌላ ነው። መተኛት የነበረበት በሽተኛ ቤቱ ሆኖ፣ ሐኪምና ነርስ በየቀኑ እየተከታተሉት፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትና ኦክስጅን እዚያው ያገኛል ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1957 ተጀምሯል። አሜሪካ ውስጥ የጆንስ ሆፕኪንሱ ዶ/ር ብሩስ ሌፍና ባልደረቦቻቸው የሳንባ ምች፣ የልብ ድካምና የመሳሰሉት ያሉባቸውን አረጋውያን ቤታቸው አክመው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳተሙ። ድንገተኛ የአእምሮ መቃወስ ሆስፒታል ከተኙት 24 በመቶው ላይ፣ ቤታቸው ከታከሙት ግን 9 በመቶው ላይ ታየ። በሽተኞቹ በዕጣ ስላልተመደቡ ቁጥሩን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ቢሆንም እንግዳ ቦታ፣ የተቆራረጠ እንቅልፍና ከአልጋ አለመነሳት አቅመ ደካማን እንደሚጎዱ የታወቀ ነው።

ወደ ጉባ እንምጣ። ግማሹ ነገር በእጃችን ነው ባይ ነኝ፤ አስታማሚ አለን። ሆስፒታል ቢተኛም እንኳ ሽማግሌውን የሚያበላው፣ የሚያጥበው፣ የሚያገላብጠው ዘመድ ነው። የጎደለው በየቀኑ የሚመጣ ባለሙያና ቢብስበት የሚመለስበት መንገድ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ቤት ለቤት መሄድን አስተምሮናል፤ ትኩረቱ ግን በሽታን መከላከልና የእናቶችና ሕፃናት ጤና ነው እንጂ የሳንባ ምች የያዘውን የ75 ዓመት አዛውንት ቤቱ ማከም አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ሆስፒስ ኢትዮጵያም ቤት ለቤት ይሄዳል፤ እሱ ግን ሕመም ማስታገስ ነው፤ ሁለቱ ባይምታቱ ጥሩ ነው።

ሌላው ቋንቋ ነው። አረጋዊው ተቃውሶ እንደሆነ የሚታወቀው ሲያናግሩት ነው። ጉሙዝኛ ተናጋሪውን በአማርኛ ብቻ ጠይቀን መልስ ቢያጣ «ተቃውሷል» ልንል ነው? ስለዚህ ከቡድኑ አንዱ ቋንቋውን የሚችል መሆን አለበት።

በእኔ አስተያየት የሚጀመረው ማንኩሽ ከተማ ውስጥ፣ ነርሷ በእግሯ ደርሳ በምትመለስበት ርቀት ነው። ስልክ በማይሠራበት ቀበሌ ያለውን፣ ትንፋሹ የሚቆራረጠውን ወይም ቤት ውስጥ ጠያቂ የሌለውን ግን ቤት ማስቀረት አይገባም፤ እሱን ፓዌ ሆስፒታል መላክ ነው።