በምድር ቤት የተማረ ሕግ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» እንዲሉ፥ ሰውን ከሚያጣው ሀብት ይልቅ የሚደርስበት ግፍ ያንገበግበዋል። አሜሪካዊው ጠበቃ ተርጉድ ማርሻል ዕድሜውን ሁሉ የደከመው ይህን ግፍ ለማራቅ ነው።

ማርሻል እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1908 ባልቲሞር በምትባል ከተማ ተወለደ። ከቅድመ አያቶቹም አንዱ ባሪያ ነበረ። በልጅነቱ ረባሽ ስለ ነበረ፥ ባጠፋ ጊዜ የትምህርት ቤቱ አለቃ የአገሩን ሕገ መንግሥት አስይዞ ወደ ምድር ቤት ያወርደው ነበር፤ አንድ ክፍል በቃሉ ሳያጠናም አይወጣም ነበር። ጥፋቱ ስለ በዛ መጽሐፉን በሙሉ በቃሉ ያዘ። በዚያም ውስጥ፥ ሕግ ሰውን ሁሉ እኩል እንዲጠብቅ የሚያዝ ቃል አገኘ። ከምድር ቤቱ ወጥቶ ከተማውን ባየ ጊዜ ግን ጥቁር ልጅ ከነጭ ልጅ ጋራ እንዳይማር ተከልክሎ ነበር። የተጻፈውና የሚሠራው ሁለት ሆኑበት።

ባደገም ጊዜ ሕግ ሊማር ፈለገ፤ ነገር ግን በከተማው ያለው የሜሪላንድ የሕግ ትምህርት ቤት ጥቁር አይቀበልም ነበርና፥ ዋሽንግተን ወዳለው ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በባቡር ተመላለሰ። እናቱም ለትምህርቱ ክፍያ የጋብቻ ቀለበቷን በመያዣ ሰጠች። በ1933 ከባልንጀሮቹ አንደኛ ሆኖ ፈጸመ። በ1935ም ከመምህሩ ከቻርልስ ሂውስተን ጋራ ለአንድ ጥቁር ወጣት ጠበቃ ሆኖ፥ ያንኑ የሜሪላንድ ትምህርት ቤት ከሶ ረታ፤ ወጣቱም ገባ።

ከዚያ በኋላ ስለ ተገፉ ሰዎች ሊከራከር ከአገር ወደ አገር ዞረ። በ1946 በቴኔሲ ግዛት ለተከሰሱ ጥቁሮች ተሟግቶ ሲመለስ፥ የጸጥታ ሹማምንት በሌሊት ይዘው ወደ ወንዝ ዳር ወሰዱት፤ ባልንጀሮቹ ግን አንለይም ብለው በመኪና ስለ ተከተሉ ዳነ። እርሱም ለበቀል እጁን አላነሣም፤ ወደ ችሎት ተመለሰ እንጂ።

በጠቅላይ ፍርድ ቤት 32 ጊዜ ተሟግቶ 29 ጊዜ ረታ። ከሁሉ የሚበልጠው በ1954 የተፈረደው ነው፤ 9ኙ ዳኞች በአንድ ቃል፥ ልጆችን በቀለም ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይቃወማል ብለው ፈረዱ። ይሁን እንጂ ፍርዱ እስኪፈጸም ድረስ ገና ብዙ ዓመት ሙግት አስፈለገ። በ1967 ማርሻል ራሱ በዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ፤ ከጥቁሮችም የመጀመሪያው እርሱ ነው። 24 ዓመት በዳኝነት አገልግሎ በ1993 ዐረፈ።

ልጆች ሆይ፥ ስለ ተገፋ ሰው ማልቀስ መልካም ነው፤ ሕጉን ተምሮ ስለ እርሱ መቆም ግን ይበልጣል። ማርሻል በችሎት የጠየቀው በልጅነቱ ያጠናው ቃል እንዲፈጸም ነበር።