ስለ ሌላው የሚለምን ይጠየቅ

ምጽዋት ለሚቀበለው ረድኤት፥ ለሚሰጠውም በረከት መሆኑን ምእመናን ሁሉ ያውቃሉ። በአገራችን በጎጃም የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ በደጅ ሲቆም፥ እመቤቲቱ የማን ልጅ ነህ ሳትል ከሌማቷ ታካፍለዋለች። ይህም መልካም ነው፤ የተራበው ራሱ በፊቷ ቆሟልና። እኛ የምንጽፈው ግን በሩቅ ባለ የተጎዳ ሕዝብ ስም ገንዘብ ስለሚሰበስበው ሰው ነው።

ሐምሌ 14 እና 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከዝናብ ብዛት የተነሣ ተራራው ተንዶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን ሊያወጡ ሲቆፍሩ ሁለተኛው የደረሰባቸው ናቸው። በጮቄ ተራራ ሥር በዳገት ለምናርስ ለእኛ ይህ ኀዘን ባዕድ አይደለም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሰው ልብ ይራራል፥ እጁም ይፈታል፤ አታላይም የሚጠብቀው ይህችኑ ሰዓት ነው። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በቱርክና በሶርያ የመሬት መንቀጥቀጥ በሆነ ጊዜ፥ ሕፃን ያቀፈ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሥዕል በኢንተርኔት እየታየ ገንዘብ ይለመንበት ነበር። ሥዕሉ ግን በኮምፒዩተር የተፈጠረ ነበረ፤ አስተውለው የተመለከቱትም በሰውየው ቀኝ እጅ 6 ጣቶች ቆጠሩ።

አንዳንድ ምእመናን «እኔ የሰጠሁት ለእግዚአብሔር ነው፤ ተቀባዩ ቢያታልል ፍርዱ በራሱ ላይ ነው» ይላሉ። ስለ ራሱ ለሚለምን ይህ ይበቃል፤ ስለ ሌላው ለሚለምን ግን አይበቃም። መልእክተኛው የያዘው የሌላውን እንጀራ ነውና፥ እርሱ ቢሰርቅ የሚራበው ሌላው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኾች ከአሕዛብ አብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ ባሰባሰበ ጊዜ፥ ሐዋርያ ሲሆን ብቻውን ሊይዘው አልወደደም። ቲቶንና አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ላከ፤ ይህንም ያደረገው ስለ ስጦታው ነቀፋ እንዳይነሣ መሆኑን ለቆሮንቶስ ሰዎች በ2ኛው መልእክቱ በምዕራፍ 8 ገልጿል። ከረጢት ያዡ ይሁዳም ለድኾች ተቆርቋሪ መስሎ መናገሩ አይዘነጋም።

እኛም ይህን የምንጽፈው ከገዛ ስሕተታችን ተምረን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ በእሑድ ቀን መጣ፤ በጎርፍ ስለ ተጎዱ ሰዎች ነው አለ። ሳንመረምር በዐውደ ምሕረት አስነገርንለት፤ ሕዝቡም ሰጠ። በማግስቱ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን መሥሪያ ቤት ብንጠይቅ ሰውየውን የሚያውቀው አልተገኘም። ከገንዘቡም ይልቅ የጎዳን ሌላ ነው፤ በሌላ ጊዜ በረዶ እህላቸውን ስለ መታባቸው ምእመናን ከሩቅ አጥቢያ አንድ እውነተኛ ካህን ሊለምን ሲመጣ፥ እናቶች እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ አላወጡም።

ስለዚህ ካህናት ወንድሞቻችን፥ ሰበካ ጉባኤው ሳያውቀው በዐውደ ምሕረት የገንዘብ ልመና አይነገር። ማኅተም ማስቀረጽ ለአታላይ ከባድ አይደለምና፥ በወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ሀገረ ስብከቱ ወይም የወረዳው ጽሕፈት ቤት በሚሰጠው ስልክ ይጠየቅ። ምእመናንም በቴሌብር ወይም በባንክ ሲልኩ አስቀድሞ የሚታየውን የተቀባይ ስም ያንብቡ፤ የግለሰብ ስም ከሆነ ይቁሙ። አሁኑኑ ካልላካችሁ እያለ የሚያጣድፈውንም አይስሙ፤ ናዳ ቤቱን የወሰደበት ሰው በሚመጣው ወርም ቤት የለውም።

ያን ጊዜ ካህኑን ባዶ እጁን አልሰደድነውም። ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ዲያቆን ጥቂቱን እህል ጭነው አብረውት ሄደው አስረከቡ፤ የተቀበሉትንም ሰዎች ስም በተከታዩ እሑድ በዚያው ዐውደ ምሕረት አነበብን። በሦስተኛው እሑድ እናቶች ባቄላና ተልባ ይዘው መጡ።