ትንፋሽ ሲያጥር፦ የአስም ፓፍ እንዴት ይወሰዳል? እንዴትስ ይያዛል?

ለእናቶችና ለቤተ ሰብ ሁሉ የተዘጋጀ ትምህርት

ሰው ያለ እህል ብዙ ቀን፥ ያለ ውሃም ጥቂት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ያለ ትንፋሽ ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም። ስለዚህ በቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ መድኃኒቱን ማወቅ የሐኪም ሥራ ብቻ አይደለም፤ የእናትም፥ የአባትም፥ የታላቅ ልጅም ሥራ ነው። ሌሊት ትንፋሹ ሲታፈን በአጠገቡ የሚገኘው ሐኪሙ ሳይሆን የቤት ሰው ነውና።

ደቻቱና አስም

ደቻቱ ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ብሎ የሚከፍል ወንዝ መሆኑን ወደ ቀፊራ ገበያ የምትወርዱ ሁሉ ታውቃላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰውም ከብትም ይሻገረዋል። ነገር ግን በላይ በተራራው ሲዘንብ በድንገት ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ።

አስምም እንዲሁ ነው። ብዙ ቀን ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ልጁ ይጫወታል፥ ይሮጣል። ኋላ አንድ ሌሊት ድንገት ይነሣል። ለጎርፍ የሚዘጋጅ ሰው ወንዙ ደረቅ ሳለ ነው የሚዘጋጀው። ለአስምም ዝግጅቱ ልጁ ደኅና ሳለ መሆን አለበት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

አስም ምንድር ነው?

በሳንባችን ውስጥ አየር የሚመላለስባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉ። አስም ባለበት ሰው እነዚህ ቧንቧዎች ከውስጥ ያብጣሉ፥ አክታም ይይዛሉ። ጢስ፥ አቧራ ወይም ጉንፋን ሲነካቸው ደግሞ በዙሪያቸው ያለው ጡንቻ ጭምድድ ይላል። ያን ጊዜ ትንፋሽ ያጥራል፤ ደረት ሲር ሲር ይላል፤ ሳል በሌሊትና በንጋት ይበረታል።

አስም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የእርግማን ወይም የቡዳ ሥራም አይደለም። ነገር ግን ትንፋሽ ያጠረው ሁሉ አስም አለበት ማለት አይደለም። ትኩሳት ያለበትና ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሕፃን የሳንባ ምች ይዞት ይሆናል፤ ፍሬ ወይም ሌላ ነገር ያነቀው ልጅም አለ፤ 2 ሳምንት የቆየ ሳል ደግሞ ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሳይመረመሩ ከጎረቤት ፓፍ ተውሶ መርጨት አይገባም።

ሁለት ዓይነት መድኃኒት አለ

አንደኛው ፈጥኖ የሚያስታግሰው ነው። ስሙ ሳልቡታሞል ይባላል፤ ብዙ ሰው ቬንቶሊን ይለዋል። የተጨመደደውን ጡንቻ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያላላል። ኃይሉ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። እብጠቱን ግን አያድንም።

ሁለተኛው የሚከላከለው ነው። ከነዚህ አንዱ ቤክሎሜታዞን ይባላል። ይህ እብጠቱን ቀስ በቀስ ያጠፋል። ሥራው በቀናትና በሳምንታት ስለሆነ ሐኪም እንዳዘዘው በየቀኑ ይወሰዳል፤ ደኅና ነኝ ተብሎ አይተውም። ከተወሰደ በኋላ አፍን በውሃ ተጉመጥምጦ መትፋት ያስፈልጋል።

ብዙ ጊዜ የሚያስታግሰው ሰማያዊ፥ የሚከላከለው ቡናማ ቀለም አለው። ቀለሙ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያልና መድኃኒት ቤቱን «ይህ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ፓፍ ብቻውን ለምን ያሳስታል?

ሰው የሚያስታግሰውን ይወዳል፤ ወዲያው ይሰማዋልና። የሚከላከለውን ይተዋል፤ ወዲያው አይሰማውምና። አደጋው ከዚህ ይመጣል። ጡንቻው በየጊዜው እየላላ እብጠቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ይጨምራል፤ በመጨረሻም ፓፉ የማይረዳበት ሌሊት ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር ኃይለኛ የሆነ የቀድሞ ዘመን ፓፍ በሰፊው ሲሸጥ በአስም የሚሞቱ ወጣቶች ቁጥር ከፍ ብሎ ነበር፤ ብዙ ሊቃውንትም ያን ጊዜ የሞተውን ሰው ከዚያ መድኃኒት ጋራ ያያይዙታል። ሳልቡታሞል ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1969 የመጣና የተሻለ ነው፤ ትምህርቱ ግን ዛሬም ያው ነው። ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮም የዓለም የአስም መመሪያ ለአዋቂዎችና ለጎረምሶች ሳልቡታሞል ብቻውን እንዳይታዘዝ፥ የሚከላከለው አብሮ እንዲሰጥ ይመክራል።

መለኪያው ይህ ነው። በሳምንት ከ2 ቀን በላይ ፓፍ ካስፈለገ፥ ወይም በዓመት 3 ጣሳና ከዚያ በላይ ካለቀ አስሙ አልተገታም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በየወሩ አንድ ጣሳ የሚጨርስ ሰው ለሞት ቀርቧልና ሳይውል ሳያድር ይታይ።

አወሳሰዱ

1. ክዳኑን ክፈቱ፤ በአፉ ውስጥ አቧራ ወይም ነፍሳት አለመግባቱን እዩ።
2. በደንብ ናጡት። አዲስ ከሆነ ወይም ብዙ ቀን ሳይነካ ከቆየ አስቀድማችሁ ጥቂት ጊዜ ወደ አየር ርጩ።
3. ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ ወይም ቁሙ፤ በውስጣችሁ ያለውን አየር ቀስ ብላችሁ አስወጡ።
4. አፉን በጥርሳችሁ መካከል አድርጋችሁ በከንፈር ግጠሙ።
5. ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ መሳብ ስትጀምሩ አንድ ጊዜ ተጫኑ፤ መሳቡንም እስከ መጨረሻ ቀጥሉ።
6. እስከ 10 እስክትቆጥሩ ትንፋሻችሁን ያዙ፤ ከዚያ ልቀቁ።
7. ሁለተኛ ካስፈለገ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ፥ እንደገና ንጣችሁ ድገሙ።

እጅ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ወይም ልብ ድው ድው ቢል አትደንግጡ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይበርዳል። ደረት ቢያም ወይም የልብ ምት ቢዛባ ግን ለሐኪም ንገሩ።

ለልጆች የሃይላንድ ጠርሙስ

ልጅ መጫኑንና መሳቡን ማገጣጠም አይችልም፤ መድኃኒቱ ምላሱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በመካከል ማቆያ ዕቃ ያስፈልጋል። ከመድኃኒት ቤት ከተገኘ መልካም ነው። ካልተገኘ ሕዝቡ ሃይላንድ የሚለው የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 በደቡብ አፍሪካ የታተመ ጥናት እንዲህ ያለው ጠርሙስ ከፋብሪካው ዕቃ ጋራ የሚወዳደር ሥራ እንደሚሠራ አሳይቷል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጠርሙሱን በሳሙና ውሃ እጠቡ፤ በጨርቅ ሳትወለውሉ በራሱ ይድረቅ። በታች በኩል የፓፉን አፍ ልክ የሚያህል ቀዳዳ አውጡ፤ ፓፉን አስገብታችሁ ንፋስ እንዳያሾልክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ። ልጁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ይግጠም። አንድ ጊዜ ብቻ ርጩ፤ ልጁም ከ4 እስከ 6 ጊዜ በተለመደው ትንፋሹ ከጠርሙሱ ይተንፍስ። ሁለት ሦስት ጊዜ በአንድነት አትርጩ። ከንፈሩን መግጠም ለማይችል ሕፃን የፊት ጭምብል ያለው ዕቃ ያስፈልጋልና ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

አስሙ ሲነሣ ምን ይደረግ?

በሽተኛውን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ አታስተኙት። ልብሱን አላሉ፤ ሰው አይክበበው፤ «አይዞህ» በሉት። ዕድሜው 5 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆነ ልጅ 2 ጊዜ፥ ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ከ4 እስከ 10 ጊዜ፥ አንድ በአንድ በጠርሙሱ ስጡ። ካልቀለለው ከ20 ደቂቃ በኋላ ድገሙና ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ተነሡ፤ በመንገድም በየ20 ደቂቃው ስጡ። ቀሎት ሳለ 4 ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ ቢነሣም እንዲሁ መሄድ ነው።

ከዚህ የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ግን 20 ደቂቃ አትጠብቁ፤ መድኃኒቱን እየሰጣችሁ ሩጡ፦

- አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ መናገር ካቃተው፥ ሕፃን ከሆነ ጡት መጥባት ካቃተው
- የጎድን አጥንቱ ሥር በትንፋሽ ጊዜ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ
- ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከጠቆረ
- ከደከመና ካንቀላፋ
- ሲር ሲር ይል የነበረው ደረት ትንፋሹ ሳይሻል ዝም ካለ፤ ይህ ዝምታ ዕረፍት አይደለም፥ አየር አልገባም ማለት ነው

ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብና የባለ ተሽከርካሪ ጎረቤት ስልክ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። በሌሊት የሚሠራው የቅርብ ጤና ተቋም የትኛው እንደሆነም ጠይቃችሁ እወቁ። በከተማው ድል ጮራ ሆስፒታል አለ።

አያያዙ

የድሬዳዋ ፀሐይ ኃይለኛ ነው። ጣሳው በውስጡ የታመቀ ጋዝ አለበትና ፀሐይ ላይ፥ በመኪና ውስጥ፥ በምድጃ ወይም በከሰል አጠገብ አታስቀምጡት፤ ሊፈነዳ ይችላል። ባዶውንም አትብሱት፥ እሳት ውስጥም አትጣሉት።

ጣሳው ብዙ ጊዜ 200 ርጭት ይይዛል። ከዚያ በኋላ «ጭስ» ቢል እንኳ የሚወጣው ባዶ ጋዝ ሊሆን ይችላል። ውሃ ላይ አንሳፎ ማየትም አያስተማምንም። ቍጥር የሌለው ከሆነ 200 የበቆሎ ፍሬ ሕፃናት በማይደርሱበት ዕቃ አስቀምጡ፤ በተረጨ ቍጥር አንድ ፍሬ አውጡ። 20 ሲቀር ሌላ ግዙ።

ሰዎች የሚሉት

«ፓፍ ሱስ ያስይዛል» ይላሉ፤ አያስይዝም። ደጋግሞ የሚያስፈልገው በሽታው ስላልተገታ ነው። «ነፍሰ ጡር አትውሰድ» ይላሉ፤ ይህም ልክ አይደለም። እናት ስትታፈን በማኅፀን ያለውም ሕፃን አየር ያጥረዋልና መድኃኒቷን ታቋርጥ ዘንድ አይገባም። ደግሞም አስፕሪን ወይም አንዳንድ የደም ግፊት ክኒን አስም ሊያስነሣ ስለሚችል መድኃኒት ስትገዙ አስም እንዳለ ንገሩ።

ቤታችሁን እዩ

እንጨትና ከሰል የሚነድበት ማድ ቤት ከመኝታ ይለይ፤ ጢስ መውጫም ይኑረው። ቡና ሲፈላ እጣኑ ከበሽተኛው ይራቅ፤ ቡናው ያለ እጣንም ቡና ነው። ሲጋራና ሺሻ በቤት ውስጥ አይጨስ። ወለል ከመጠረጉ በፊት ውሃ ይረጭበት፤ ልጁም ይውጣ። የደቻቱ አሸዋ በንፋስ ሲነሣ በርና መስኮት ዝጉ። አንሶላና ብርድ ልብስ በየሳምንቱ ታጥበው ፀሐይ ላይ ይሰጡ። በረሮም አስምን ያስነሣልና የምግብ ፍርፋሪ አታሳድሩ።

እናቶች ሆይ፥ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለሚችል ልጃችሁ ስጡ፤ ለቤቱ ሁሉ ያንብብላችሁ። ዛሬ ማታ ሦስት ነገር እዩ፦ ፓፉ የት እንዳለ፥ በውስጡ መድኃኒት መኖሩን፥ እናንተ በሌላችሁበት ሰዓት አወሳሰዱን የሚያውቅ ሰው በቤት መኖሩን። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ነገ አሟሉት።